ክንድ ወይስ ደረት?

ከስትሮክ በማገገም ላይ ያሉ አንዲት እናት ስኒውን ካለፈው ሳምንት ፈጥነው ሲያነሡ በሰዓት ለካሁ። ሰዓቱ ያልመዘገበው፣ ክርናቸው እንደታጠፈ መቅረቱንና ወደ ስኒው የሄደው ደረታቸው መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የፉግል-ማየር መለኪያ ክንድንና እጅን ከ66 ነጥብ ሲመዝን ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል፤ በመካከል ያለውን ጥቃቅን ለውጥ አይዝም። የጤነኛ እጅ ፍጥነት አንድ ጊዜ ጨምሮ አንድ ጊዜ ይቀንሳል፤ የተጎዳው ደጋግሞ ይዋልላል። ደረት ገፍቶ ያደረሰው እጅ ግን የተስተካከለ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ዳሳሹ በእጅ አንጓ ብቻ ሳይሆን በደረትም ላይ ይታሰር እላለሁ፤ አለዚያ ክርኑ መዘርጋትን ሳይማር ታካሚውን እናሰናብታለን። በመሶብ ዙሪያ ዝቅ ብሎ የተቀመጠማ ጤነኛም ቢሆን ጎንበስ ይላል፤ እዚያ ማነጻጸሪያው በዚያው አቀማመጥ የተለካ የታካሚው ደኅና ክንድ ቢሆን ይሻላል።