«እኔን ጠይቁኝ፣ አፍ አለኝ!» ሰባት ቀን በሽርሽር መርከብ ላይ

የሽርሽር መርከብ ሲባል ምን ይታያችኋል? መቼም አብዛኞቻችን በፊልም እንዳየነው ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ካፒቴን፣ ሌሊቱን ሙሉ ዳንስ... እኔም የማውቀው ያንኑ ነበር። አሁን ግን መርከብ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የአሳንሰር በር ነው። አዎ፣ የአሳንሰር በር! ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ታላቅ እህቴ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ይዟት እግሮቿ ከዷት። አዲስ አበባ ሳለን ሠፈሩ በሙሉ በክራንቿ ድምፅ ነበር የሚያውቃት። አሜሪካ ከመጣች በኋላ ግን ትከሻዋም እየደከመ፣ ዕድሜዋም እየገፋ ሲሄድ ከክራንች ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ዞራለች። ሰው ሁሉ «ዊልቸር» ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው ልበል። ታዲያ 60 ዓመቷን ስትደፍን እኛ ታናናሾቿ ገንዘብ አዋጣንና «የምትፈልጊውን ንገሪን» አልናት። ወርቅ ትላለች ብለን ስንጠብቅ «ባሕር ላይ ማደር ነው የምፈልገው» አትለንም!

እሷ ካለች አለች ነው። ከፍሎሪዳ ተነስቶ ጃማይካን፣ ግራንድ ካይማንንና የሜክሲኮዋን ኮዙሜልን አዳርሶ በሰባት ቀን የሚመለስ መርከብ ላይ ተሳፈርን። አጃቢዋ እኔ ነኝ። አጃቢ ብቻ ብሆን ደግ ነበር። ጠበቃዋም አፏም ልሁን ብዬ ነው ነገር የተበላሸው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ክፍሉስ ደህና ነው

መርከብ ውስጥ ያለ ተራ ክፍል በሩ ጠባብ ነው። በተለይ አሮጌዎቹ መርከቦች ላይ በሩ 60 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። ዊልቸር በዚያ አያልፍም። መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ውኃው ወደ ክፍሉ እንዳይፈስ ተብሎ ደፉ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። እግር ላለው ሰው አንድ እርምጃ ነው፣ ጎማ ላለው ግን ግድግዳ ማለት ነው። ስለዚህ ለአካል ጉዳተኛ ተብለው የተሠሩ ልዩ ክፍሎች አሉ። በራቸው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ደፍ የላቸውም፣ ሻወሩ ሥር መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አለ።

የእኛ እንደዚያ ነበር። እህቴ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «ከቤቴ ይሻላል» አለች። ችግሩ እነዚህ ክፍሎች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። መርከቡ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጭኖ ክፍሎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ሰፊ ስለሆኑ ብቻ ሳያስፈልገው የሚይዛቸው ጤነኛ ሰው ደግሞ ሞልቷል። ነውር አይደለም ትላላችሁ?

የአሳንሰሩ ጦርነት

የመጀመሪያው ቀን ማታ ለእራት ስንወጣ አሳንሰሩ ደጃፍ ቆምን። በሩ ተከፈተ፣ ጢም ብሏል። ተዘጋ። ሁለተኛው መጣ። ያ ደግሞ ሁለት ሰው ይይዛል፣ ዊልቸር ግን አይገባም። ሦስተኛው ባዶውን መጣ ብዬ ወንበሩን ስገፋ፣ ከኋላችን የመጡ ሰዎች በጎንና በጎን አልፈውን ገብተው ሞሉት! ዓይናቸውን ጣራው ላይ ሰክተው ቆሙ፤ በሩም ፊታችን ላይ ተዘጋ። አብዛኞቹ እኮ አንድ ፎቅ ብቻ ነው የሚወጡት። ደረጃው እዚያው አጠገባቸው ነው። እኛ ደረጃ የለንም!

ሃያ ደቂቃ ቆመን ሾርባው ካለቀ በኋላ ደረስን። እኔ በንዴት ጦፌያለሁ፣ እህቴ ግን ትስቃለች። «አንቺ ዛሬ ነው ያየሽው፣ እኔ 57 ዓመቴ ነው» አለችኝ። ምግብ አልወርድልሽ አለኝ።

ቡፌውም ላይ ያው ነው። ሳህኑ ከፍ ያለ ቦታ ይደረደራል፣ ሰው ደግሞ በራሷ ላይ እጁን አሳልፎ ዳቦ ያነሳል። ኮሪደሩ ላይ በልተው የጨረሱበትን ትሪ በራቸው ላይ የሚተዉ አሉ። እኛ ተሻግረነው እናልፋለን፣ ዊልቸር ግን እዚያው ይቆማል። ማንም ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። አላዩም፣ አላሰቡም፣ በቃ።

አሥር ዶላሯ

በሦስተኛው ቀን እላይ መዋኛው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ ነጠላ የደረቡ አንዲት የሀገራችን እናት ከልጆቻቸው ጋር ሲመጡ አየን። ደስታ በደስታ ሆንን! እናትየው ግን እህቴን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «እግዜር ይማርሽ የኔ ልጅ፣ ምን አግኝቶሽ ነው?» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አሥር ዶላር አወጡ። እጇ ውስጥም አስጨበጧት።

ምድር ብትውጠኝ አልጠላሁም። እህቴ ሠላሳ ዓመት ሠርታ ልጅ ያስተማረች፣ ሰገነት ያለው ክፍል ውስጥ የምታድር ሴት ናት! እሷ ግን አልተቆጣችም። አሥር ዶላሯን አገላብጣ አየቻትና «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በዚህችው ቡና ልጋብዝዎት» አለቻቸው። እናትየው ክው አሉ። ኋላ ግን አብረው ቡና ጠጥተው፣ ስለ ሠፈር ተጨዋውተው፣ የልጅ ልጅ ፎቶ ተያይተው ተለያዩ። ሲነሱም «አጥፍቻለሁ መሰለኝ ልጄ» አሏት። «ግድ የለም እማማ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልተቀመጥኩም ለማለት ነው» አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፈረንጁ አይጠይቅም፣ አያዝንም፣ ግን አሳንሰሩን ይዘጋብሃል። የኛ ሰው ያዝናል፣ ይመርቃል፣ ይመጸውታል፣ ግን አንተን ሳይሆን እግርህን ነው የሚያየው። የቱ ይሻላል? እህቴን ጠየቅኳት። «ሁለቱም አላዩኝም» ብላ ዘጋችው።

ካይማን ላይ የሆነው

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ጃማይካና ኮዙሜል መርከቡ ከወደቡ ጋር ተጠግቶ ስለሚቆም በመሸጋገሪያው ተንሸራቶ መውረድ ነው። ግራንድ ካይማን ግን እንዲህ አይደለም። ዋና ከተማዋ ጆርጅ ታውን ትልልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2025 ነዋሪው ጉዳዩ ላይ ድምፅ ሰጥቶ አብዛኛው «አይሠራብን» ብሏል። ስለዚህ መርከቡ ባሕሩ ላይ መልሕቁን ጥሎ ይቆማል፣ ተሳፋሪው በትንንሽ ጀልባ እየተጫነ ይወርዳል። ጀልባዋ ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። በመርከቡና በጀልባዋ መካከል ያለችው ክፍተት... እሷን ማለፍ ነው ጣጣው።

ወረፋችን ደርሶ በሩ ጋ ስንቀርብ የመርከቡ ሹም ወደ እኔ ዞሮ «ጥቂት እርምጃ መራመድ ይችላሉ?» አለኝ። እኔን ነው የጠየቀኝ፣ እህቴ ከሥሩ ተቀምጣ! እኔም ቀበል አድርጌ «አትችልም» አልኩት። ሰውየው አዝኖ ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያው ለደኅንነታቸው ሲባል...» ብሎ ጀመረ።

እህቴ በአማርኛ «አፍ አለኝ!» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞራ በራሷ እንግሊዝኛ ነገረችው። ክራንቿ ከወንበሯ ኋላ ታስራ እንዳለች፣ ሦስት እርምጃ መራመድ እንደምትችል፣ ወንበሯ ታጣፊ እንደሆነና አንድ ሰው ጀልባዋ ውስጥ፣ አንድ ሰው ከኋላዋ ቢቆምላት እንደሚበቃት። ሰውየው «ይቅርታ እመቤቴ፣ እርስዎን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ» አላት። ቁጭ ብሎ፣ ከዓይኗ ትክክል ሆኖ ነው ያናገራት።

ሁለት ጎረምሳ መርከበኞች መጡ። አንዱ ማዕበሉን እየጠበቀ «ገና... ገና... አሁን!» አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ገባች። ወንበሯ ታጥፎ ተከተላት። እኔ ከኋላ ሆኜ እንባዬ መጣ። ለምን? ብትሉኝ፣ በእኔ አንዲት «አትችልም» ልትቀር የነበረችውን ቀን አሰብኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንት «አትችልም» ተናግሬባት ይሆን?

ሁሉም ግን እንደኛ አልወረደም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ከባድ ወንበር ያላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ያ ወንበር ወደ ጀልባ አይሸጋገርም፣ እሳቸውም ያለ እሱ አይንቀሳቀሱም። ከላይ ሆነው እጃቸውን አውለበለቡልን። ማታ ስናገኛቸው «ካይማንን አራት ጊዜ አይቻታለሁ፣ አራቱንም ከዚሁ ሆኜ ነው» አሉን። የከፈሉት ግን እኛ የከፈልነውን ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

አሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብር ሰፊ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። መርከቦቹ ግን መነሻቸው ፍሎሪዳ ቢሆንም የሚያውለበልቡት በአብዛኛው እንደ ባሃማስና ፓናማ ያለ የውጭ ሀገር ባንዲራ ነው። ስለዚህ «የአሜሪካ ሕግ አይመለከተንም» የሚል ክርክር ነበራቸው። ከሂውስተን ወደብ ተሳፍረው የነበሩ አካል ጉዳተኞች ክስ መሥርተው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2005 ፍርድ ቤቱ፣ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብም ቢሆን በአሜሪካ ውኃ ላይ ሳለ ሕጉ በአጠቃላይ ይመለከተዋል አለ። መርከቡን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወይም ከዓለም አቀፍ የደኅንነት ደንብ ጋር የሚጋጭ ለውጥ ግን አይገደድም።

በእኛም ሀገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ግን ወገኖቼ፣ ሕግ በሩን ያሰፋል እንጂ አሳንሰሩ ውስጥ የቆመውን ሰው አያስወርድም። እሱ የይሉኝታ ጉዳይ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ

1. ቀደም ብላችሁ ያዙ። ልዩዎቹ ክፍሎች ቶሎ ያልቃሉ። የወንበራችሁን ስፋት በሜትር ለክታችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

2. «መርከቡ የትኞቹ ወደቦች ላይ ይጠጋል፣ የትኞቹ ላይ በጀልባ ነው የሚወረደው?» ብላችሁ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

3. የአደጋ ጊዜ ልምምዱን አትዝለሉ። እሳት ቢነሳ አሳንሰር አይሠራም። ማን መጥቶ እንደሚያወርዳችሁ ስሙንና ቦታውን እወቁ።

4. በየወደቡ ጉብኝት ስትገዙ አውቶቡሱ ዊልቸር የሚያነሳ መሣሪያ እንዳለው አረጋግጡ። «ቀላል ነው» የሚል ቃል አይበቃም።

5. ኤሌክትሪክ ወንበርም ሆነ ስኩተር ኮሪደር ላይ አይቆምም። ክፍላችሁ ውስጥ ይገባ እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

ለኛ ለቀሪዎቹ ደግሞ

ደረጃ መውጣት የምትችሉ ውጡ፣ ለሆዳችሁም ጥሩ ነው። የሰውን ወንበር ሳትጠይቁ አትግፉ፣ አትደገፉበትም፤ የአካሉ ክፍል ማለት ነውና። ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻ ስታዩ አትደባብሱ፣ ሥራ ላይ ነው። ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት እርምጃ የሄደ ሰው ስታዩም «አታላይ!» ብላችሁ አትጠቋቆሙ። የማይታይ ሕመም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱን አናግሩ፣ አጃቢውን አይደለም።

በመጨረሻው ማታ እንደተለመደው አሳንሰሩ ጋ ቆመናል፣ እንደተለመደው ሞልቷል። እነዚያ ባለነጠላዋ እናት ከኋላችን መጡ። ሁኔታውን አዩና ጎንበስ ብለው እህቴን «ልጄ፣ ልቆጣልሽ?» አሏት። ልብ በሉ፣ ጠየቋት! እህቴ ሳቋን አፍና «ይቆጡልኝ እማማ» አለች።

«ኧረ ነውር ነው! እግር እያላችሁ!» ብለው በአማርኛ ለቀቁባቸው። አንድም ቃል የገባው ሰው አልነበረም፤ ግን አራት ሰዎች ቀልተው ወጡ። ገባን። እናትየውም በደረጃው ይሻለኛል ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ላይ ወጡ።