ድምፁ የጠፋ ቪዲዮ

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ቦሌ ስሄድ ታክሲው መንገድ ላይ ተገተረ። የጆሮ ማዳመጫዬን ቤት ረስቼ ስለነበር ድምፅ የማይፈልግ ነገር ፈለግኩና እ.ኤ.አ. በ1919 የተሠራውን «ብሮክን ብሎሰምስ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ሊሊያን ጊሽ ጨካኝ አባቷ «ሳቂ» እያለ የሚያስገድዳት ልጅ ሆና ትሠራለች። ሳቁ እምቢ ሲላት በሁለት ጣቶቿ የከንፈሯን ዳርና ዳር ወደ ላይ ትገፋዋለች። አጠገቤ የነበሩት እናት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ሲያዩ ቆዩና «ምን በድላው ነው ልጄ?» አሉኝ። አንድ ቃል ሳይሰሙ ገብቷቸዋል።

ሊሊያን ፊልም የጀመረችው በ1912 ነው። በ1927 ፊልም መናገር ሲጀምር ብዙ የዘመኗ ኮከቦች ከሰሙ። እሷ ግን ወደ ቲያትር ሄዳ፣ ወደ ፊልምም ተመልሳ፣ የመጨረሻ ሥራዋ በ1987 ለእይታ ሲበቃ ዘጠናን አልፋ ነበር።

ድምፅ አልባ ፊልም ለእኛም ከተማ ባዳ አልነበረም፤ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ያለው የፒያሳው ቤት ያሳይ የነበረው እሱን ነው። ሸራው ላይ የእኛ ሴት ግን አልነበረችም። መድረክ ላይ እንኳ ለብዙ ጊዜ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ቀሚስ ያጠለቀ ወንድ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ይህን ልማድ ከሰበሩት ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት።

የሁለቱ ዕጣ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የሊሊያን የወጣትነት ፊት በፊልም ተቀርጾ ቀርቷል፣ ድምፅ ግን የለውም። የአስናቀች ድምፅና ክራር በሸክላ ተቀርጾ፣ ኋላም የ«ኢትዮፒክስ» የሙዚቃ አልበሞች 16ኛ ቅጽ ሆኖ ዓለምን ዞሯል። በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር መድረክ ላይ የተራመደችው እርምጃ ግን ያየው ሰው ዓይን ውስጥ ነው የቀረው። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ያዩዋትም እያነሱ ነው።

እማዬ በኮረዳነቷ አይታታለች። እሑድ አያት ሰፈር ባለው ቤቷ ቡና እየጠጣን «እንዴት ነበረች?» አልኳት።

«ይሄ በአፍ ይነገራል እንዴ?» ብላ ሲኒዋን አስቀምጣ ተነሣች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገች። ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች፣ አንገቷን ሳታዞር ዓይኗን ብቻ ወደ በሩ ወረወረች። ጠዋት ሙሉ ሲያማርራት የነበረው ጉልበት የት እንደገባ እንጃ። ቶሎ ስልኬን አወጣሁና «እስቲ ድገሚው» አልኳት። እያወራች ደገመችው።

ማታ ከፍቼ ሳየው ከጎን በሚሠራው ሕንፃ የብረት መቁረጫ ይጮሃል እንጂ የእሷ ቃል አይሰማም። ላጠፋው ነበር። ድምፁን ዘጋሁና እንደገና አየሁት፤ ነጠላው፣ ሦስቱ እርምጃ፣ ያቺ አስተያየት፣ ሁሉም አለ።

ቤታችሁ የድሮ ቲያትር ያየ ሰው ካለ ምን እንዳየ ብቻ አትጠይቁት። ተነሥቶ እንዲያሳያችሁ ለምኑት።