የነገውን ስልክ ማን ይጠግነዋል?

በየጊዜው በፌስቡክና በቲክቶክ የሚዘዋወሩትን «የወደፊቱ ስልክ» ቪዲዮዎች በጣም እወዳቸዋለሁ። ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቀፎ፣ ክንድ ላይ የሚጠቀለል ስክሪን፣ ምን የሌለ አለ! ዲዛይነር ገና ያልተሠራን ዕቃ ሥሎ ሲያሳየን ሰው ምን እንደሚመኝ ይነግረናል። ነገር ግን ከእነዚህ ምኞቶች የትኛው ገበያ እንደገባ፣ የትኛው ደግሞ መንገድ ላይ እንደቀረ ሳስብ ቅር ይለኛል።

ኖኪያ በ2008 «ሞርፍ» የተባለ ንድፍ ይዞ ብቅ አለ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተነደፈው ይህ ስልክ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ በቅቷል። በሐሳብ ደረጃ ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ እጅ ላይ ይታሰራል፣ ቆሻሻ አይይዝም፣ ከፀሐይ ኃይል ይሰበስባል። ከዚህ ሁሉ ጎልቶ ገበያ የደረሰው መታጠፉ ነው። ሳምሰንግ በ2019 ያወጣው ጋላክሲ ፎልድ ዋጋው ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ቻርጅ ማድረጊያውን ግን ዛሬም ይዘን እንዞራለን።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ፕሮጀክት አራ ነው። በ2013 ዴቭ ሃከንስ የተባለ ሆላንዳዊ ዲዛይነር «ፎንብሎክስ» የሚል ሐሳብ በቪዲዮ አሰራጨ። ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ ካሜራው ለየብቻ የሚነቀል የሚሰካ ይሁን፤ የተበላሸው ብቻ ይቀየር፣ ሙሉ ስልኩ አይጣል የሚል ነው። በዚያው ዓመት ሞቶሮላ፣ ያኔ የጉግል ንብረት ነበር፣ በዚሁ መንገድ ፕሮጀክት አራን እየሠራ መሆኑን ይፋ አደረገ። ክፍሎቹ የሚሰኩበት አጽም ተሠራ፤ ማግኔት አጥብቆ ይይዛቸዋል። ነገር ግን ሐሳቡ እየተሸራረፈ ሄደ። በ2016 የታየው ሞዴል ፕሮሰሰሩንና ስክሪኑን ከአጽሙ ጋር አጣብቆ፣ መቀየር የሚቻለውን ካሜራና ድምፅ ማጉያን በመሳሰሉት ብቻ ወሰነው። ዓመቱ ሳያልቅ ጉግል ሥራውን አቆመ።

ምክንያት አይጠፋም። መገጣጠሚያ ሲበዛ ቀፎው ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ይህን እረዳለሁ። ይሁንና የአምስተርዳሙ ፌርፎን በ2015 ባወጣው ሁለተኛ ስልኩ ባለቤቱ ስክሪኑን ያለ መፍቻ በገዛ እጁ መቀየር ይችል ነበር። እንደሚቻልማ ታይቷል።

ሌላም አለ። በ2017 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባትሪ የሌለው ስልክ ሠሩ። የሚፈጀው 3.5 ማይክሮዋት ብቻ ነው፤ ይህንንም ከሬዲዮ ሞገድ ወይም ከብርሃን ያገኛል። መልኩ አያምርም፤ ስክሪን የለውም፣ ቁልፎች የተደረደሩበት ሰርኪዩት ነው። ለመናገርና ለማዳመጥ ቁልፍ እየተጫኑ ይቀያይሩታል፤ ከመቀበያ ጣቢያውም ብዙ ሜትር መራቅ አይችልም። ያም ሆኖ በስካይፕ አነጋግሯል! መብራት በሚጠፋበት አገር ለሚኖር ሰው ከታጣፊው ስክሪን ይልቅ ልብ የሚያሞቀው ይህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የስልክ ጠጋኝ ፊት ቆማችሁ እዩ። በሙጫ የታሸገውን ጀርባ በሙቅ አየር ያላላል፣ ቀጭን ፕላስቲክ አስገብቶ በቀስታ ይዞራል፣ እጁ ከሳተ መስታወቱ ይሰነጠቃል። መለዋወጫ ከሌለ ከሞተ ቀፎ ነቅሎ ይተካል። እነዚህ ልጆች ሃከንስ የተመኘውን በየቀኑ ያደርጉታል፤ የፋብሪካው አሠራር ነው የሚታገላቸው። እኔ የወደፊቱን ስልክ የምመዝነው በእነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ አምራቾች አንድን ሞዴል መሸጥ ካቆሙ በኋላ ለ7 ዓመት ዋና ዋና መለዋወጫዎቹን እንዲያቀርቡ በሕግ አስገድዷል። ይህ ግዴታ በእኛም ገበያ ሊጠየቅ ይገባል። እናንተም ቀጣዩን የሚያብረቀርቅ ቪዲዮ ስታጋሩ፣ ከሥሩ «ሲሰበር እንዴት ይከፈታል? ባትሪውስ ይቀየራል?» ብላችሁ ጻፉልኝ።