የጋራ ካርታና የአራሚው ጠባይ

በከተሞቻችን አንድን ቤት ለእንግዳ ማመልከት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የማያውቅ የለም። «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብለሽ፣ የድሮው የቀበሌ ሱቅ ከነበረበት በስተግራ ታጥፈሽ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ» ይባላል። ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈውት እንኳ ምልክትነቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው አነጋገር ለጎረቤት ይበቃል፤ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ለማንሳት ለሚመጣ አሽከርካሪ ግን አይበቃም። በትርፍ ጊዜዬ በኢንተርኔት አማካይነት በሚሠራ የጋራ ካርታ ላይ የሠፈሬን መንገዶችና አገልግሎት መስጫዎች መመዝገብ የጀመርሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ስለ አመዘጋገቡ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው በጻፈው ላይ እጅን ስለማሳረፍ ጠባይ ነው።

ካርታው ኦፕን ስትሪት ማፕ ይባላል። የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በስቲቭ ኮስት ሐሳብ አመንጪነት ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ መንግሥታዊ የካርታ ድርጅት መረጃ እንደ ልብ የማይገኝና ዋጋ የሚያስከፍል ስለነበረ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን መንገድ እየነደፈ ቢያዋጣ ለሁሉም የሚሆን ካርታ ይወጣል ከሚል እሳቤ የመነጨ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ማለት ነው። የዚህ ሥራ ፍሬ ለዓለም በጉልህ የታየው በጥር ወር 2010 ዓ.ም. በሄይቲ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶግራፍ እየተመለከቱ የፖርቶ ፕሪንስን መንገዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ነድፈው ለነፍስ አድን ሠራተኞች አቅርበዋል።

ይህ ጽሑፍ በዚህ ዓምድ ላይ ከመውጣቱ በፊት አዘጋጁ ያየዋል፤ አራሚውም ፊደል ይለቅማል። በካርታው ላይ ግን እንዲህ ያለ በረኛ የለም። አንዲት ሴት ወጥ ጥዳ ሳለች በስልኳ የላከችው እርማት በደቂቃዎች ውስጥ ለዓለም ሁሉ ይታያል። አስቀድሞ የሚፈቅድ አለቃ ስለሌለ፣ ሥራውን የሚጠብቀው የሠሪዎቹ ጨዋነት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የእድር ድንኳንና ብረት ድስት ማለት ነው። የሁሉም ስለሆነ ማንም ይወስደዋል፤ ጥቀርሻውን ሳያጥብ የሚመልስ ግን በሠፈሩ ሁሉ ይታወቃል።

የመጀመሪያው ደንብ ቀላል ይመስላል። ያላዩትን አለመጻፍ ነው። ከሌላ ካርታ ላይ፣ ለምሳሌ ከጉግል፣ ስም ገልብጦ ማምጣት ፈጽሞ አይፈቀድም። ያ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ የጋራው ካርታ ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለማንም በነፃ የሚውልበት የራሱ የፈቃድ ሕግ ስላለው፣ የተሰረቀ ነገር ከገባበት ሁሉንም ያበላሻል። ከሳተላይት ፎቶግራፍ መንደፍ ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ ይቻላል። ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያሳየው የተነሣበትን ቀን ነው። በ2024 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳና የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ከፍርስራሹ በኋላ በእግሩ ዞሮ የፈረሰውን ከካርታው ያነሣ ሰው፣ ሥራውን አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ በሩቅ የተቀመጠ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ሊሽርበት ይችላል። ያኛው በቅን ልቡና ነው የሚሠራው፤ ቤቱ ጎድሎ ስላየው ይሞላዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ያደጉበትን ሠፈር በትዝታ ሲነድፉ ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። የሚነድፉት እውነት ነው፤ ግን ከአገር በወጡበት ዓመት የነበረው እውነት ነው። ስለዚህ ከማረም በፊት ነገሩን ማን፣ መቼ እንደለወጠው ከካርታው መዝገብ ላይ ማየት ይገባል። በቅርቡ እጅ ያረፈበት ከሆነ በስፍራው ያለ ሰው ሳያይ አልቀረም ብሎ መጠርጠር ደግ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የስም ነገር ነው። ቂርቆስና ጨርቆስን እንውሰድ። አንድ የተማረ ሰው «ጨርቆስ» የሚለውን አይቶ የሕዝብ አነጋገር ያበላሸው ነው በማለት «ቂርቆስ» ብሎ ቢያርመው በፊደል ረገድ የሚከሰው አይኖርም። ነገር ግን ቂርቆስ የክፍለ ከተማው ስም ሲሆን፣ ጨርቆስ ደግሞ ሠፈሩ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው። ነዋሪው ታክሲ ሲሳፈር የሚለው ሌላ፣ ደብዳቤ ሲጽፍ የሚለው ሌላ ነው። እርማት መስሎ የገባው ነገር አንድን ሠፈር ከካርታ ላይ ያጠፋዋል። በመሠረቱ ካርታው የሚጠይቀው ሊባል የሚገባውን ሳይሆን የሚባለውን ነው።

«ሥላሴ» በንጉሡ ሠ ነው፣ «ዓለም» በዐይኑ ዐ ነው እያልን ብንከራከር እንውላለን። እኔም በፊደል አጠቃቀም ረገድ ቸልተኛ አይደለሁም፤ አባቴ የቄስ ተማሪ ስለነበሩ በዚህ ረገድ ቀልድ አያውቁም ነበር። ሆኖም በመቶ የሚቆጠሩ የተቋማት ስሞችን ፊደል ለማቃናት ብቻ ሌሊቱን ሙሉ የሚያርም ሰው፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ሳያይ ከሆነ የሚሠራው፣ ሥራ እየሠራ ነው ለማለት ያዳግተኛል። ሰሌዳው «ስላሴ» የሚል ከሆነ በዋናው ስም ላይ የሰሌዳው ይጻፋል፤ ሌላው አጻጻፍ በአማራጭ ስም ቦታ ላይ ይገባል። ቦታ አላጣንም።

የቀድሞና የአሁን ስም ጉዳይ ደግሞ ከፊደልም ያለፈ ነው። እናቶቻችን ዛሬም ናዝሬትና ደብረ ዘይት ይላሉ፤ ከተሞቹ ግን አዳማና ቢሾፍቱ ናቸው። አንዱ እየጻፈ ሌላው እየሰረዘ፣ ያኛው ተመልሶ እየጻፈ የሚሄደው ነገር በካርታ ሠሪዎች ዘንድ የእርማት ጦርነት ይባላል። በዓለም ላይ ብዙ ቦታ አለ፤ ለእኛ ብቻ የተሰጠ አበሳ አይደለም። አሠራሩ ግን አስቀድሞ ተበጅቶለታል። አሁን በስፍራው የሚሠራበት ስም በዋናው ላይ ይሰፍራል፣ የአማርኛው፣ የኦሮምኛውና የእንግሊዝኛው እያንዳንዱ የየራሱ መስመር አለው፣ ያለፈውም «የቀድሞ ስም» ተብሎ ይመዘገባል። የአንዱ መጻፍ የሌላውን መሰረዝ አይጠይቅም። ይህን እያወቀ ሦስተኛ ጊዜ የሚሰርዝ ሰው ካርታ መሥራቱን ትቷል፤ ሌላ ነገር ይዟል።

እያንዳንዱ እርማት ሲላክ ምን እንደተደረገና መረጃው ከየት እንደመጣ የሚገለጽበት አጭር ቦታ አለ። ብዙዎች «አስተካከልሁ» ብለው ያልፉታል። ምኑን? «ከጤና ጣቢያው በስተጀርባ ያለው መንገድ ለተሽከርካሪ መዘጋቱን ትናንት በእግሬ ሄጄ አይቻለሁ» ቢባል ምን ይጎዳል? በአማርኛ መጻፍም ነውር የለበትም። ደግሞም የባሕር ዳሩንና የአዲስ አበባውን በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ መላክ፣ መከታተል ለሚፈልግ ሰው መከራ ነው። የአሠራሩ ልክ በአንድ ጊዜ እስከ 10,000 ለውጥ ለመላክ ይፈቅዳል፤ የተፈቀደ ሁሉ ግን አይደረግም።

በእኔ ላይ ከደረሰው አንዱን ላንሣ። በየመሥሪያ ቤቱ የተከፈቱ የሕፃናት ማቆያዎች ለሠራተኛ እናት ምን ማለት እንደሆኑ ለዚህ ዓምድ አንባቢያት ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስት ማቆያዎችን በሄድሁበት ሁሉ እየጠየቅሁ፣ የሚከፈቱበትን ሰዓትና የሚቀበሉትን ዕድሜ ጭምር መዝግቤ ነበር። አንድ ቀን ስመለከት ሦስቱም «መዋዕለ ሕፃናት» ሆነዋል። የለወጣቸው በሌላ አገር ያለ፣ ከተማችንን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ደሜ ፈላ። በአንድ ቃል ወደነበረበት መመለስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ያው ጦርነቱ መጀመሩ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በእያንዳንዱ እርማት ሥር በግልጽ መነጋገር የሚቻልበት ቦታ ስላለ እዚያው ጻፍሁለት። «ጤና ይስጥልኝ፤ እነዚህ ሦስት ቤቶች የአራት ወር ሕፃን ተቀብለው እናቱ ከሥራ እስክትወጣ ያቆያሉ፤ ፊደል አያስቆጥሩም፤ የለወጧቸው በምን ምክንያት ይሆን?» አልሁ። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። በብዙ ከተሞች የሚገኙ ተመሳሳይ የመሰሉ ስያሜዎችን አንድ ለማድረግ ከዝርዝር ላይ እያየ ሲሠራ እንደነበረ ገልጾ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ አስተካከለው። እንዲህ ያለ የጅምላ ለውጥ አስቀድሞ ለሌሎች ሳይነገርና ሳይመከርበት እንዳይደረግ የወጣ ደንብ አለ፤ ያንንም አላነሣሁበትም፣ ራሱ አነሣው።

ነገሩ ግን ከእኔና ከእሱ በላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሕፃናት ማቆያ በካርታው ላይ የራሱ መለያ ይኑረው የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀርቦ ወድቆ ነበር። ካቀረቡት ምክንያቶች አንዱ መዋዕለ ሕፃናት የሚባል መለያ አለ የሚል ነው። ለመጠጥ ቤትና ለመዝናኛ ቤት ዓይነት ግን የተለያየ መለያ አልጠፋም። ይህን ጉዳይ ሞኒካ ስቲቨንስ የተባሉት ተመራማሪ በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ካርታ ሠሪው አብዛኛው ወንድ ሲሆን ምን እንደሚታየውና ምን እንደማይታየው ለማስረዳት ጠቅሰውታል። ዛሬ የማቆያ መለያ በሥራ ላይ ይገኛል። ሆኖም ልጅ አዝላ ማቆያ ፍለጋ ያልዞረች ነፍስ ሁለቱን አንድ አድርጋ ብታይ አልፈርድባትም። ለዚህ ነው ከመለወጥ በፊት መጠየቅ የሚያስፈልገው።

አዲስ ገቢዎችን ስለመቀበልም አንድ ነገር ልበል። አዲሷ ሙሽራ የመጀመሪያውን ወጥ ስትሠራ አማት ማማሰያውን ከእጇ ብትቀማት ወጡ ይጣፍጥ ይሆናል፤ ሙሽራይቱ ግን ወደ ምድጃው ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች። አንዲት የቤት እመቤት ድፍረት አግኝታ የሠፈሯን ቦኖና ወፍጮ ቤት ስትመዘግብ፣ ቦኖውን አሥር ሜትር ፈቀቅ አድርጋ ብታስቀምጥ፣ ሥራዋን ሰርዞ በራስ እጅ መሥራት ለነባሩ ቀላሉ መንገድ ነው። አመስግኖ ቦታውን ብቻ ማቃናትና ምን እንደተደረገ መጻፍ ግን ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

በመጨረሻም፣ እውነት ሆኖ ሳለ የማይጻፍ ነገር አለ። በአንድ ቤት ማን እንደሚኖር፣ እገሌ መበለት ብቻዋን እንደምትኖር፣ ግቢው ዘበኛ እንደሌለው፣ እነዚህ የካርታ ጉዳዮች አይደሉም። ካርታ ሴትን ከአደጋ ሊያድን እንደሚችል በታንዛንያ ታይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክራውድ ቱ ማፕ በተባለው እንቅስቃሴ በጎ ፈቃደኞች በካርታ ላይ ያልነበሩ የገጠር መንደሮችን ነድፈው፣ ከግርዛት የሚያመልጡ ልጃገረዶችን የሚታደጉ ሰዎች መንገዱን እንዲያገኙ ረድተዋል። ያው ካርታ ግን በሌላ እጅ ላይ ሌላ ነገር ይሆናል። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ የተጠለለች ሴት ያለችበት ቤት፣ አድራሻው በምሥጢር የተያዘ ከሆነ፣ በካርታ ላይ መውጣት የለበትም።

ወጥቶ ያገኘነው እንደሆነስ? እዚህ ላይ ስለ ማብራሪያ የተናገርሁት ሁሉ ይገለበጣል። ስሙን አንሥቶ ማብራሪያው ላይ «የተደበደቡ ሴቶች መጠለያ ስለሆነ ሰረዝሁት» ብሎ መጻፍ ቤቱን በቀስት ማመልከት ነው። ማብራሪያውም፣ የተሰረዘው ነገርም በመዝገቡ ውስጥ ለማንም እንደታየ ይቀራል። ስለሆነም «በስፍራው የተረጋገጠ አይደለም» የሚል ሐሰት ሳይጨምሩ፣ ባጭሩ «ለግል ደኅንነት ሲባል ተነሥቷል» ማለት እንኳ ይበዛል፤ «አንድ ነጥብ ተነሥቷል» ይበቃል። ከዚያም የካርታው ድርጅት የመረጃ ጉዳዮችን የሚመለከት የሥራ ቡድን ስላለው፣ ለእነርሱ በግል ጽፎ የቀድሞው መዝገብ ጭምር ከሕዝብ ዓይን እንዲሸሸግ መጠየቅ ነው። እስኪሸሸግ ድረስ ስለ ጉዳዩ ለማንም፣ ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን፣ አይነገርም።