ዝቅ ያለችው መኪናችን

ይህን ነገር ላለመጻፍ አራታችንም ተማምለን ነበር። ከቀወት በተመለስንበት ማታ «በመካከላችን ይቅር» ተባባልንና ሻያችንን ጠጥተን ተለያየን። ሦስት ሳምንት ቆየ፤ አልቀረም። በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ሰፊው ሕዝብ ስንት ጊዜ ጽፈናል! ሰፊው ሕዝብ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያየን ምን እንደምንመስል ግን አንድም ቀን ጽፈን አናውቅም። ስለዚህ መሐላው ይፍረስ።

ነገሩ የመኪና ነገር ነው። መኪናዋ ዲኤክስ ናት። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያሻም፤ ሌላ ቦታ ላደጋችሁ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሰማንያዎቹ ዓመታት ትሠራ የነበረች ቶዮታ ኮሮላ ናት። በዕድሜ ሁላችንንም ትበልጠናለች። አንዳችን ከአጎቱ ወረሳት፤ ሦስታችን ደግሞ በነዳጅና በጎማ ወጪ ተጠግተን ባለቤት ሆንን። ከዚያ ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ሞላዎቿን ማስቆረጥ ነበር። ቀጥለን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን የፋይበር ቀሚስ አለበስናት፤ ማርሚታዋንም ጩኸቱ እንዲወፍር አስለወጥን። ሥራው ሲያልቅ ከማርሚታው እስከ መሬት ያለው ክፍተት በማስመሪያ ሲለካ 9 ሳንቲ ሜትር ሆነ። መካኒኩ እጁን እየጠረገ «ልጆች፣ ይቺ እንግዲህ ለለስላሳ አስፋልት ብቻ ናት» አለን። ሰማነው፤ ግን አልሰማነውም።

ለምን አደረግነው? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዝቅ ያለ መኪና ቆሞም የሚሮጥ ይመስላል። እኛ ደግሞ የምንሮጥበት ቦታ ባይኖረንም መሮጣችን እንዲታይልን እንፈልጋለን። የግቢው በር ላይ ስንደርስ አንገቱን የሚያዞር ሰው ካለ፣ ያ ቀን በቃ የኛ ቀን ነው።

በጥር ወር የቀወቱ ጓደኛችን እኅት ተዳረች። «ለሙሽራ አጃቢ መኪና አንሷል» ሲለን ደስታውን አልቻልነውም። ሐሙስ ሌሊት ተነሣን። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ተንቀጠቀጥን፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ያስቆፈረውን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ጀመርን። ከ3,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ የሚያደርስ ቁልቁለት ነው። እሱን እንኳ ደኅና አድርገን ነው የወረድነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳናግል፣ አፋችንን ይዘን። ጥፋቱ የመጣው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ነው። ገደል ሲያልቅ ሰው ዳንኩ ይላል። ሙቀቱ መጣ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ የይፋት ሜዳ ከፊታችን ተዘረጋ፤ ባለመሪውም ነዳጁን ረገጠው። ሦስታችን ዝም አላልንም፤ «ጨምር!» ነው ያልነው።

ስሟን የማንጠራት አንዲት መንደር አለች፤ መንገዱ ለሁለት ይከፍላታል፤ ቤቶቹ በአንድ ወገን፣ ውኃው በሌላው ወገን ነው። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ አህያ እየነዳ ወጣ። ፍሬን ተያዘ፤ ጎማ ጮኸ፤ አህያዋ ደንብራ ወደ ኋላ ስትል የጫነችው ቢጫ ጀሪካን ወድቆ እየተንከባለለ ከፊታችን ገባ። ቧ! አለ። ውኃው መስተዋቱን ሞላው። ልጁን አልነካነውም። በመካከላችን የነበረው ርቀት ግን አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

አልቆምንም። መጻፉ የከበደን ይኼ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደን አንዳችን «ዝናብ ዘነበ እንዴ?» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። የፍርሃት ሳቅ ነበር ልንል እንችላለን። ነገር ግን ከኋላችን ለቀረው ልጅ ሳቅ ሳቅ ነው።

ሠርጉ የሠርግ ወጉን አገኘ። መኪናችን በአበባና በሪባን ተሸልማ ሮቢት ከተማ ውስጥ ስትዞር ሕፃናት ተከተሏት፤ እኛም ኮራን። ሰኞ ለመመለስ ስንነሣ የጓደኛችን እናት እጅ መንሻ ጫኑብን፤ አንድ ሽክም ማሾ፣ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት። «ለከተማ ሰው ባዶ እጁን ይሂድ አይባልም» አሉ። አራት ጎልማሳና ይህ ሁሉ ሲጫን መኪናዋ ከዘጠኙ ሳንቲ ሜትር ስንቱን እንደ ቀረች የለካ የለም።

ያቺ መንደር ስንደርስ ሐሙስ ያልነበረ ጉብታ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ድንጋይ ተደርድሮ አፈር የተጫነበት፣ ጠባብና ቀጥ ያለ፣ ቁመቱ ስንዝር የሚጠጋ። ባለመሪው ፍሬኑን እንደ ያዘ ወጣ፤ ይህ ደግሞ ስሕተት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የመኪና አፍንጫ ይደፋል፤ ጉብታ አፉ ላይ ፍሬን መልቀቅ ነው ደንቡ። የፊት ቀሚሳችን ተሰነጠቀ። የፊት ጎማዎች ተሻገሩ፤ ከዚያ ግርርር አለና ሆዷ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ቀረች።

ወረድን። ከጉብታው ዳር እንጨት ተተክሏል፤ እንጨቱ ላይ የተጨፈለቀ ቢጫ ጀሪካን ተሰቅሏል። ለአሽከርካሪ ምልክት መሆኑ ነው። አራታችንም አየነው፤ ማናችንም ማንን አላየንም።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «አብሽሩ፣ ትወጣለች» አሉን። ትንሽ ቆይተው «ጀሪካኗን አወቃችኋት?» ሲሉ ጠየቁ። ዝም አልን። «እኛም መኪናዋን አውቀናታል» አሉና ወደ ጎረምሶቹ ዞረው «በሉ አንሱላቸው» ብለው አዘዙ። ሌላ አልተናገሩም። ቢሰድቡን፣ ቢመቱን ይቀለን ነበር።

ልጁም መጣ። አስፋልቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከሥር እያየ «ማርሚታው ነው የያዛት፤ ወደዚህ ወደ ቀኝ!» እያለ ያመላክት ጀመር። ሽንኩርቱ ወረደ፣ ማሾው ወረደ፤ መኪናዋ ትንሽ ከፍ አለች። ይህንን እየሠራን ሳለ ከሮቢት በኩል የሞላ ሚኒባስ መጣ፤ ጣሪያው ላይ ከረጢት ተከምሮ ሞላው ሟሽሾ የኛን ያህል ዝቅ ብሏል። ረዳቱ «ውረዱ፣ ውረዱ!» አለ። ሰው ሁሉ ወረደ፤ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት፣ ሆዷ የገፋ ሴት። በፀሐይ ጉብታውን በእግራቸው ተሻገሩ። እንዲያም ሆኖ ሚኒባሱ ከሥሩ ተላጠ። ሹፌሩ ጉብታውን የሠራውን ሰው ረገመ። የተረገመው ሰው ማን እንደ ሆነ እኛ እናውቃለን።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። እኛ ለመታየት ብለን ሞላ ቆርጠን ዝቅ አልን፤ እነዚያ ሰዎች ግን ሌላ መኪና ስላጡ በጭነት ዝቅ አሉ። ጉብታው የተሠራው በኛ ፍጥነት ነው፤ በየቀኑ የሚወርዱበት ግን እነሱ ናቸው።

ለልጁ እናት ገንዘብ ሰጠናቸው። የጀሪካኗን ዋጋ ቆጥረው ያዙና የቀረውን መለሱልን። «ጀሪካንማ ይገዛል» አሉ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ግቢ ከገባን በኋላ መጽሐፍ አገላበጥን። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የሠፈር ሰው ቁጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የዩኒቨርሲቲም ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው አርተር ኮምፕተን፣ ሴንት ሉዊስ ባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሳለ፣ በግቢው ውስጥ መኪኖች ሲፈተለኩ አይቶ በ1953 ለዚሁ የሚሆን ጉብታ ቀይሷል። በ1970ዎቹ ደግሞ የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ እየለካ ዛሬ ብዙ አገር የሚጠቀምበትን ልክ አወጣ፤ ርዝመቱ 3.66 ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ አናቱ እንደ ቀስት የጎበጠ።

ሒሳቡን ሠራነው። የዲኤክስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.40 ሜትር ነው። ጉብታው ጠባብ ከሆነ የፊት ጎማ ሲወርድ የኋላው ገና አልወጣም፤ ሆድ ብቻውን ከድንጋዩ ጋር ይቀራል፤ ስንዝር ለሚጠጋ ጉብታ ስንዝር የሚጠጋ ክፍተት ያስፈልጋል። ጉብታው 3.66 ሜትር ከሆነ ግን አራቱም ጎማ አንድ ላይ ጉብታው ላይ ይወጣል፤ መኪናው እንዳለ ይነሣል፤ ሆዱ እንዳይነካ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይበቃዋል። በቀስታ ለሚሄድ ሚኒባስም ሆነ አምቡላንስ ደኅና መንገድ ነው። ለፈጣኑ ግን ያው ጅራፍ ነው። መንገዱ 7 ሜትር ስፋት ካለው የሚፈጀው አስፋልት ሁለት ሜትር ኩብ አይሞላም። ሁለት ሜትር ኩብ! የኛ ቀሚስና ማርሚታ ዋጋ ስንቱን እንደሚሸፍን መጠየቅ ፈራን።

ሌላም ሒሳብ አለ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ሰው ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 22 ሜትር አለቀ። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ የግጭቱ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን አንደኛ ዓመት ተምረን ለፈተና ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ሐሙስ ዕለት «ጨምር!» ስንል ትዝ ያለው ግን አልነበረም።

አሁን መኪናዋ ከፍ ብላለች። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞላ ገዝተን አስገባን፤ የተሰነጠቀውን ቀሚስ ጣልነው። ግቢ በር ላይ አንገቱን የሚያዞርልን የለም፤ የሚስቅብን ግን አለ። የጉብታውን ንድፍ ከነስሌቱ፣ ከነነጭ ቀለሙና ከነማስጠንቀቂያ ምልክቱ በአንድ ገጽ አድርገን ለሚመለከተው ክፍል ልከናል። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ፣ ስሌቱ ላይ ስሕተት ካገኛችሁ ንገሩን፤ ቅጂው በእጃችን አለ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨናል። ልጁ ስንሄድ የአራታችንንም ስም አንድ በአንድ ጠየቀን፤ ነገርነው። የሱን ስም ሳንጠይቅ መጣን። በሚቀጥለው እረፍት ስንወርድ መጀመሪያ የምንሠራው ሥራ እሱ ነው።