ኅዳግ

ፎቶግራፍን በጅምላ የሚያርሙ ፕሮግራሞች ትልቁ ጸጋቸው ለአንዱ የተናገሩትን ለሺውም መፈጸማቸው ነው። ኢርፋን ስኪልያን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢርፋንቪው፣ ደንቡን አንድ ጊዜ ከነገሩት፣ ያዞራል፣ ጠርዝ ይቆርጣል፣ ቀለም ያስተካክላል፤ ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ሳይቀዳ መቶው ያልቃል። ኢማጅማጂክ የተባለው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ጨከን ይላል። «ሞግሪፋይ» የሚለው ትእዛዙ፣ ሌላ ማስቀመጫ ካልተነገረው፣ ውጤቱን በዋናው ፋይል ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ቅጂ ሳላስቀምጥ አልነካውም።

በእጄ ያሉት ከደብረ ማርቆስ ብዙ ከማይርቅ ደብር፣ በአስተዳዳሪው ፈቃድ የተነሡ ሦስት ሺህ ያህል የብራና ገጾች ናቸው። አንሺው ብርሃን ባገኘበት፣ በደጀ ሰላምም በጽድ ጥላም ሥር፣ ስላነሣቸው አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ ነው። ለአንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ ብመድብ መቶ ሰዓት ይፈጃል።

በመቶ ገጽ ሞከርሁት። ውጤቱ ያምራል፤ ያስፈራኝም ማማሩ ነው። ፕሮግራሙ የብራናውን ብጫነት እንደ ጉድለት ቆጥሮ አነጣው፤ የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለምም ወደ ብርቱካንማ ሄደ። ይህስ ይሁን። ጠርዙን ሲያጠራ ግን ኅዳጉን አብሮ ወሰደው።

የጎጃምን ወንጌሎች ገልጦ ያየ ሰው ኅዳግ ምን እንደሚይዝ ያውቃል። ጉልቱ ለማን እንደ ተሰጠ፣ ሪሙን ማን ለማን እንደ ሸጠ፣ እማኞቹ እነማን እንደ ነበሩ የሚጻፈው ባዶ በተረፈው ብራና ላይ ነው። ዶናልድ ክረሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ ያሳተመው መጽሐፍ በአመዛኙ የቆመው በእንዲህ ያለው ማስታወሻ ላይ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብራናዎቻችን በማይክሮፊልም ሲነሡ ቀዩም ጥቁሩም ግራጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ጌታቸው ኃይሌ ግን ከዚያው ፊልም የኅዳጉን ጽሑፍ ሳይቀር እየለቀሙ በካታሎግ መዝግበውልናል።

ደንቡን ለወጥሁት። ማዞር ለሁሉም፤ ቀለም እንደ ተነሡበት ብርሃን በየክፍሉ፤ መቁረጥ ለማንም። የጧፉ ጠብታና አውራ ጣት ያጠቆረው የታች ጥግም ባሉበት ይቆያሉ።

በአንዱ ኅዳግ ላይ አራት እማኞች ተዘርዝረዋል፤ የሦስተኛው ስም ተፍቋል። ያንን ገጽ ከጅምላው አውጥቼ ለብቻው ይዤዋለሁ። እስካሁን የሚነበበው «ወልደ» የሚለው ብቻ ነው።