ሙሴን ከሳሎን ሆኖ ማየት

የሲሲል ቢ. ዲሚል «አሥርቱ ትእዛዛት» ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሲወጣ የታሰበው ለሲኒማ አዳራሽ ነበር። ታሪኩ ሳይጀመር ሙዚቃ ይሰማል፤ ዲሚል ራሱ ከመጋረጃው ፊት ቆሞ ሰው የሚገዛው በእግዚአብሔር ሕግ ነው ወይስ በአምባገነን ፈቃድ ብሎ ይጠይቃል፤ መሐል ላይ ዕረፍት አለ፤ ሲያልቅም መሸኛ ዜማ አለው። እኛ አብዛኞቻችን ግን ያወቅነው በቤታችን ነው፤ መጀመሪያ በሁለት የቪዲዮ ካሴት፣ ኋላም በዲቪዲ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ኤቢሲ ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል በፋሲካ ሰሞን ስለሚያሳየው ከበዓሉ ጋር አብሮ ይመጣባቸዋል።

ቤት ውስጥ የሚታይ ፊልም ሌላ ዓይነት ፍርድ ይገጥመዋል። አዳራሽ ውስጥ ጨለማው ዝም ያሰኛል፤ ሳሎን ውስጥ ግን ቡና ይፈላል፣ ሪሞት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁሉም አስተያየት አለው። እኔም ስለዚህ ፊልም የሰማኋቸው ጥሩ ጥሩ አስተያየቶች ከተቺ ጽሑፍ ሳይሆን ከሶፋ ላይ የመጡ ናቸው።

ወጣቶቹ ቀይ ባሕር ሲከፈል ያቆሙታል። ወደ ኋላ መልሰው ደግመው ያያሉ፤ «ውሃው ወደ ኋላ እየሄደ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። የጆን ፉልተን የልዩ ትርኢት (ስፔሻል ኢፌክት) ቡድን ወደ ትልቅ ገንዳ ውሃ ከግራና ከቀኝ እያፈሰሰ ቀርጾ ፊልሙን ገልብጦ ነው ያሳየን። ፊልሙ ከታጨባቸው ሰባት ኦስካሮች ያገኘው አንዱን፣ ይህንኑ የልዩ ትርኢት ሽልማት ነበር። ታድሶ በ2011 በብሉሬይ ሲወጣ ምስሉ ስለጠራ ቀድሞ ያልታየው ሁሉ ተጋለጠ፤ በሰዎቹ ዙሪያ ሁለት ምስል የተጋጠመበት ቀጭን የቅጥል መስመር ይታያል፣ ሰማዩ ቅብ መሆኑም ይለያል። ብዙ ተመልካች በዚህ ያዝናል። እኔ አላዝንም። የእጅ ሥራ ዱካ ይታየኛል፤ ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ሰዎች ተጨንቀው ያሰቡት ነገር ነውና አከብረዋለሁ።

ደግሞም የምስሉ ጥራት የሚጠቅመው ቦታ አለ። ሕዝቡ ከግብፅ የሚወጣበትን ክፍል በጠራ ምስል እዩት። ዲሚል በ1954 ግብፅ ድረስ ሄዶ ግዙፍ የከተማ በር አሠርቶ በሺህ የሚቆጠሩ ግብፃውያንን ከነከብቶቻቸው ያሰለፈበት ነው። ያን ጊዜ 73 ዓመቱ ነበር፤ በሩ ላይ ሲወጣ ልቡ ታመመ፣ ግን ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ከዚህ በኋላም ሌላ ፊልም አላዘጋጀም። በካሴት ዘመን ይህ ክፍል አቧራማ ግርግር ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ፊት ከፊት ይለያል። ዝይ የሚነዳ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ዕቃው የወደቀበት። ከመካከላቸው ሞት የቀረበው አንድ አዛውንት አለ፤ ተዋናዩ ኤች. ቢ. ዋርነር ነው፤ ዲሚል በ1927 በሠራው «የነገሥታት ንጉሥ» ክርስቶስን ሆኖ የተጫወተ። እዚህ ጋ ቅጥልም ቅብም የለም፤ ሰው ብቻ ነው። ፊልሙ ትልቅ ነው የምለው ስለዚህ ክፍል ነው። የቤተ መንግሥቱ የፍቅር ንግግር ግን ከመጠን በላይ ተንዛዝቷል፤ ይህን በሪሞት ከሚያሳልፉት ጋር ነኝ። ዩል ብሪነር ራምሴስን ሆኖ ባይቆምበት ኖሮ የመጀመሪያው ክፍል ይከብድ ነበር።

ከሁሉ የጠነከረው አስተያየት የመጣው ከአክስቴ ነው። «ይኼ ሁሉ መጽሐፉ ላይ የለም» አሉ፣ ሙሴና የምትወደው ልዕልት ንፍርቲሪ ሲነጋገሩ። እውነታቸውን ነው። ኦሪት ዘጸአት የሙሴን ወጣትነት በጥቂት ቁጥሮች ያልፈዋል፤ ዲሚል ያን ዝምታ ለመሙላት ከጥንቶቹ ጸሐፊዎች ከፊሎን፣ ከጆሴፈስና ከአውሳብዮስ መቅዳቱን በፊልሙ መግቢያ ላይ አስፍሯል። እኚሁ አክስቴ ግን ጽላቱ በእሳት ሲጻፍ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ታቦት ከመጎናጸፊያው ሥር እንጂ ተገልጦ አይቶ የማያውቅ ምእመን ያን ድንጋይ በቴሌቪዥን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ዲሚል ሊገምት አይችልም ነበር። ማንም ሪሞቱን አልነካም።

እኛን ይበልጥ ሊይዘን የሚገባው ግን ብዙዎች ቡና ለመቅዳት የሚነሡበት አጭር ክፍል ነው። ሙሴ ኢትዮጵያን ድል አድርጎ ወደ ፈርዖን ይመለሳል፤ የኢትዮጵያን ንጉሥና እኅቱን ታርቢስን ይዞ። ልዑል ራምሴስ እንዲንበረከኩ ይፈልጋል፤ ሙሴ ግን የግብፅን ደቡባዊ በር የሚጠብቁ ወዳጆች አድርጎ ያቀርባቸዋል። ንጉሡን ሆኖ የቆመው ዉዲ ስትሮድ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ጥቁሮች ተከልክለውበት ወደነበረው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ። ቁመናው ንጉሥ ነው። ኋላ ላይ በደንብ ብትመለከቱ ግን ያው ሰው ሙሴን ያሳደገችውን የፈርዖን ልጅ ከሚሸከሙት ባሮች መካከል አለ። ሁለቱንም ሚና ለአንድ ሰው ሰጥተውታል። ይህን አዳራሽ ውስጥ ማን ያስተውለዋል? የሚያሳየን ሪሞቱ ነው።

ታሪኩ የጆሴፈስ ነው። እሱ እንደጻፈው ሙሴ የግብፅን ጦር መርቶ ኢትዮጵያ ላይ ዘመተ፤ የንጉሡ ልጅ ታርቢስ ከግንብ ላይ አይታው ወደደችው፤ ከተማዋን አስረክባም አገባችው። ፊልሙ ዘመቻውን ወስዶ ጋብቻውን ተወው። ታርቢስ ለሙሴ አረንጓዴ ድንጋይ ትሰጠዋለች፣ ንፍርቲሪ በቅናት ታያታለች፣ ከዚያ ወዲያ የለችም። ፊልሙ ሲቀረጽ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ የነጭና የጥቁርን ፍቅር ማሳየት ይከለክል እንደነበር ሳስብ ይህ መዘለል አይገርመኝም፤ ግን ያሳዝነኛል። አጥባቂ ተመልካች ፊልሙን የሚወቅሰው መጽሐፉ ላይ የሌለ ጨመረ ብሎ ነው። እኔ ይበልጥ የምወቅሰው መጽሐፉ ላይ ያለውን ስለተወ ነው፤ ማርያምና አሮን ሙሴን ያሙት በኢትዮጵያዊት ሚስቱ ምክንያት መሆኑ፣ ማርያምም በዚሁ ለምጻም መሆኗ በኦሪት ውስጥ አለ። ይህን ያህል ረዥም ፊልም ለዚያ አንድም ደቂቃ አላገኘም።

ስለዚህ በመጪው ፋሲካ ይህን ፊልም ቤታችሁ የምታዩ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የኢትዮጵያ ንጉሥ ሲገባ አትነሡ፤ ልጆቹንም ጥሩ። ፊልሙ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12ን አውጥታችሁ አንብቡላቸው።